በፎገራ ሜዳ ቅቤ ለምን ቀደመ፣ እንቁላልስ ለምን ዘገየ?

ከወረታ እስከ ጣና ዳርቻ፣ ርብና ጉማራ በሚያጠጡት በፎገራ ሜዳ፣ ሦስት ምግቦች የአገሩ ሀብት ሆነው ኖረዋል፤ የፎገራ ላም ወተት፣ የዶሮ እንቁላልና የሐይቁ ዓሣ። ሦስቱም የሕፃናት አለርጂን ከሚያስነሡ ምግቦች በቀዳሚነት ይቆጠራሉ። የአገሩ እናት ግን አንዱን አስቀድማ ሌላውን ያዘገየችው አለርጂን ፈርታ አይደለም፤ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርብናል።

በአማራ ክልል የተካሄዱ የጤና ጥናቶች እንደመዘገቡት፣ አራስ ልጅ ጡት ሳይዝ ቅቤ ማቃመስ የቆየ ልማድ ነው፤ ዛሬ ሐኪሞች ይህን ይከለክላሉ። በአንጻሩ እንቁላል ይዘገያል። ስለምን? አንዱ ማስረጃ «ሆዱ አይችለውም» የሚለውን ሥጋት ሲጠቅስ፣ ሌላው ገበያን ይጠቅሳል፤ በጭድ ተጎዝጉዞ ወደ ወረታ የሚወርደው እንቁላል ጨውና ቡና ሆኖ ይመለሳልና። ሦስተኛው ጾምን ያነሣል። በእኛ ሚዛን ይህ የሚከብደው በአንድ ረቂቅ ምክንያት ነው፤ ሥርዓቱ ሕፃኑን ባያስጾመውም ድስቱ ይጾማል። እናት የቤቱን ዕቃ በፍስክ ላለመንካት ስትል ለልጇም የጾም ገንፎ ታቀርባለች።

ወተቱ የራሱ ታሪክ አለው፤ ከሩዝ መግባት ጋር የተሳሰረ። ስለ ሩዝ አገባብ ምንጮች አይስማሙም፤ አንዳንዶቹ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በፎገራና በጋምቤላ የታየውን የዱር ሩዝ መነሻ ሲያደርጉ፣ ሌሎቹ በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተሳተፉትን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ያስቀድማሉ። ሁለቱን ማጋጨት ግድ አይደለም፤ ያኛው የመሬቱን ተስማሚነት፣ ይኸኛው የዘሩን አመጣጥ ይነግረናልና። የማያከራክረው ውጤቱ ነው፤ ክረምት ውኃ የሚተኛበት የግጦሽ መስክ ለሩዝ ታረሰ፣ የፎገራ ከብትም ተመናመነ። ሩዝ አለርጂ የማስነሣት ጠባዩ ዝቅተኛ ስለሆነ ለሕፃን ገንፎ ይመቻል፤ ወተትን ግን አይተካም።

በባሕር ማዶ ደግሞ ሊቃውንቱ ራሳቸው ተሳስተው ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ፣ ለአለርጂ ለተጋለጡ ሕፃናት የላም ወተት እስከ 1 ዓመት፣ እንቁላል እስከ 2፣ ኦቾሎኒና ዓሣ እስከ 3 ዓመት እንዲዘገዩ መከረ፤ በ2008 ማስረጃ አጥቶ ምክሩን አነሣ። በ2015 ለንደን ላይ 640 ሕፃናትን የተከታተለው ጥናት ውጤት ይፋ ሆነ፤ ኦቾሎኒ ከተከለከሉት 17.2 በመቶው፣ ቀደም ብለው ከበሉት ግን 3.2 በመቶው ብቻ በ5 ዓመታቸው አለርጂ ነበረባቸው። የለንደንን ቁጥር እንዳለ ወደ ፎገራ ማሻገር አይገባም፤ በ1997 በላንሴት መጽሔት የወጣው የጅማ ጥናት እንኳ ከአለርጂ ጋር የሚዛመደው አስም በከተማና በገጠር እንደሚለያይ አሳይቷል። ማዘግየት ይጠብቃል የሚለው መሠረት ግን ፈርሷል።

አሰጣጡ ጥንቃቄ ይሻል። ልጁ 6 ወር ሲሞላው፣ ጡት ሳይቋረጥ፣ ጤነኛ በሆነበት ቀን፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል በሻይ ማንኪያ ጫፍ ከገንፎ ጋር ጠዋት ይሰጠዋል፤ ሌሎቹ አዳዲስ ምግቦች በየተራ ይከተላሉ። የተስማማው ደግሞ በሳምንት ደጋግሞ ይሰጣል እንጂ አንዴ ቀምሶ አይተውም። ኦቾሎኒ ተፈጭቶ እንጂ ፍሬው እንዳለ አይሰጥም፤ ያንቃል። ከባድ የቆዳ ችፌ ያለበት ልጅ አስቀድሞ ለሐኪም ይታይ። ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ልጁ ከዛለ፣ ጊዜ ሳይባክን ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ምግቡ ሲገኝ ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ለዕድሜያቸው የሚበቃውን ዝቅተኛውን አመጋገብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ።