ሳይቀላ የተሸጠ ቡና

በጅማ ከተማ ጊንጆ ሰፈር ያደገ ሰው የቡናን ነገር ሳይፈልግም ይማራል። ከአጋሮ፣ ከሊሙና ከጌራ የሚመጣው ወሬ ሁሉ ማረፊያው ዋጋ ነውና። በልጅነቴ ከታላላቆቼ አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ቡናን ገና በዛፉ ላይ ሳለ ስለ መሸጥ ነበር። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው የተራቆተበት ገበሬ ከነጋዴው ገንዘብ ይቀበላል፤ ፍሬው ቀልቶ በተለቀመ ጊዜ ግን በዚያው በክረምቱ ዋጋ ያስረክባል።

ለምሳሌ ያህል በሐምሌ 1,000 ብር ተቀብሎ በኅዳር 2,000 ብር የሚያወጣ ቡና ያስረከበ ሰው፣ በአራት ወር ውስጥ ከመቶ መቶ ወለድ ከፈለ ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2479 ለብድር የወሰነው ጣሪያ ደግሞ በዓመት ከመቶ 12 ነው። ይሁን እንጂ ወረቀቱ «ሽያጭ» እንጂ «ብድር» ስለማይል የወለዱ ጣሪያ በቀላሉ አይደርስበትም። እንዲህ ያለውን ውል በሌላ ዐይን ለማየት የሚያስችለው ቁጥር 1710 ነው።

ይህ ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ አርቃቂው ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። በጥንቱ የሮማ ሕግ መሬቱን ከተገቢው ዋጋ ከግማሽ በታች የሸጠ ሰው ሽያጩን ማፍረስ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፈረንሳይ ሕግም ከዋጋው ከ12 እጅ ከ7 እጅ በላይ ለተጎዳ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሻጭ ይህንኑ መብት ሰጥቷል። የእኛው ቁጥር 1710 ግን ይህን መንገድ አልተከተለም። ውሉ ለአንደኛው ወገን እጅግ የሚያደላ መሆኑ ብቻውን አያፈርሰውም፤ የተጎዳው ሰው ፈቃዱን የሰጠው ችግሩን፣ የዋህነቱን፣ መጃጀቱን ወይም በግልጽ የሚታይ የንግድ ልምድ ማነሱን ሌላው መጠቀሚያ አድርጎበት እንደሆነ ግን፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ሊፈርስ ይችላል። በዚህም እ.ኤ.አ. በ1900 ሥራ ላይ ወደ ዋለው የጀርመን ሕግ ይቀርባል።

እንደ ማናቸውም መሐንዲስ በቁጥር የተወሰነ ልክ ስለምወድ፣ አንቀጹን መጀመሪያ ሳነበው አልጣመኝም ነበር። ነገር ግን ቡና ዋጋው ይወርዳልም። እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዐት በተቋረጠ ጊዜ ዋጋው እጅግ አሽቆልቁሏል። እንዲህ ባለ ዘመን አስቀድሞ የገዛው ነጋዴ ነው ከሳሪው። ስለሆነም የኅዳርን ዋጋ ከሐምሌው ጋር ብቻ አስተያይቶ ውልን ማፍረስ በቅን ልቡና የተደረገውንም ሽያጭ ያፈርሳል። መመርመር ያለበት ገበሬው በፈረመበት ዕለት የነበረበት ሁኔታ ነው፤ በዚህ ሕጉ ትክክል ይመስለኛል።

የማልስማማው በጊዜ ገደቡ ላይ ነው። በቁጥር 1810 መሠረት በሌሎች ምክንያቶች ውል እንዲፈርስ ለመጠየቅ የተሰጠው ሁለት ዓመት የሚቆጠረው ምክንያቱ ከተወገደ ጀምሮ ነው። በዚህ ዐይነቱ ውል ግን ሁለቱ ዓመት ውሉ ከተደረገበት ቀን ይጀምራል። ችግረኛው ገበሬ በሚቀጥለው ሐምሌ ተመልሶ የሚሄደው ወደዚያው ነጋዴ ደጅ ነው፤ ከከሰሰው ያ ደጅ ይዘጋበታል። እየተበደረ ሁለት ክረምት ሲያልፍ የመጀመሪያውን ውል የማስፈረስ መብቱም አብሮ ያልፋል።