እንቦጭ ምንድነው? ድሬ ያለ ሰውስ ምን አገባው?

ድሬዎች፣ እኛ ጋ ሐይቅ የለም፤ ደቻቱም ጎርፍ ካልመጣ አሸዋ ነው። ግን እንቦጭን ማወቅ ለኛም ይጠቅማል።

📌 ምንድነው?
ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም ነው። የመጣው ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአማዞን አካባቢ ነው። የቅጠሉ አንገት እንደ ስፖንጅ አየር ስለያዘ አይሰምጥም፤ ሥሩም ውሃው ውስጥ ይንጠለጠላል። አበባው ወይን ጠጅ ነው፣ መሀሉ ላይ ቢጫ ምልክት አለው።

📌 ከደንገልና ከቄጠማ በምን ይለያል?
ደንገልና ቄጠማ ዳር ላይ ሥር ሰደው የሚበቅሉ የራሳችን ተክሎች ናቸው። ደለል ይይዛሉ፣ ለዓሣና ለወፍ መጠለያ ይሆናሉ። የጣና ታንኳም የሚሠራው ከደንገል ነው። እንቦጭ ግን ውሃውን ከላይ ይሸፍነዋል።

📌 ጉዳቱስ?
ብርሃን ይከለክላል፣ ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ዓሣው ይጎዳል፣ ጀልባና መረብ መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ለዚህ ነው ዛሬ የጸዳ ቦታ ነገ ተመልሶ የሚወረረው። ከእርሻ ታጥቦ የሚገባ ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ ደግሞ ምግቡ ነው።

📌 እኛ አገር መቼ ታየ?
እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ወንዝ ላይ ታየ። ጣና ላይ የታወቀው በ2011 ነው። ከዚያ በኋላ ሺዎች በእጃቸው ሲነቅሉት፣ ማሽንም ሲገባ አይተናል።

📌 ታዲያ እኛን ምን አገባን?
ይሄ አረም በዓለም የተሰራጨው በአብዛኛው አበባው ስላማረ ነው፤ ሰው ለጌጥ ብሎ ይዞት ሄደ። ፕሮሶፒስም ወደ አካባቢያችን የመጣው ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ በሰው እጅ ነበር፤ ዛሬ የግጦሽ መሬቱን ምን እንዳደረገው እናውቃለን። ቅርባችን ያለው ሐረማያ ሐይቅ ደግሞ ደርቆ ውሃ የተመለሰለት በቅርብ ዓመታት ነው።

ስለዚህ ቆቃ ወይ ባሕር ዳር ስትሄዱ ፎቶ አንሱ፣ ተክሉን ግን ይዛችሁ እንዳትመጡ። አንድ ቁራጭ ግንድ ይበቃዋል። የነቀላችሁትንም ከውሃው አርቃችሁ አድርቁት፤ ዳር ላይ ከተተወ ዝናብ ይመልሰዋል።

ለሚጓዝ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት 🙏