ዩኒፎርም ያልነበረው ዘማች

ለዓድዋ በዓል ምን እንደሚለበስ ሁላችንም እናውቃለን። ካኪ ኮትና ሱሪ፣ ወገብ ላይ ዝናር፣ ትከሻ ላይ ነጠላ፣ አቅሙ ለፈቀደ ደግሞ ከሰው ሠራሽ ፀጉር የተሠራ ጎፈር። ፎቶ እንነሳለን፣ እንለጥፋለን፣ አበቃ። ደብረ ኤልያስ ያሉ ወዳጆቻችን ግን ከበድ ያለ ጥያቄ አመጡብን፤ «ወደ ኋላ ራቅ ብለን የ18ኛውን ክፍለ ዘመን የጎጃም ዘማች ልብስ በትክክሉ መልበስ ብንፈልግ ከየት እናገኛለን?»

መልሱን ከመጨረሻው እንጀምረው። እንዲህ የሚባል ዩኒፎርም አልነበረም።

በዚያ ዘመን ክተት ሲታወጅ ገበሬው የራሱን ጦርና ጋሻ ይዞ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ የጌታውን ነጋሪት ተከትሎ ይወጣል። የሚለብሰውም እዚያው መንደሩ ተፈትሎ የተሸመነ ጥጥ ነው። መንግሥት ልብስ አያድለውም። ለሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ የሚሰጥ መደበኛ ጦር የተደራጀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ክብር ዘበኛን ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ የቤልጂግ መኮንኖች አሠለጠኑት፤ በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የሆለታው ጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። ስለዚህ ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን መሄድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያወልቀው ካኪውን ነው። ቀጥሎ ባለጥይቱን ዝናር ይፍታ፤ ዝናር ላይ የሚደረደረው ባለቀለህ ጥይት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነውና። ፈረሰኛ መሆን ካማረው ደግሞ ቡትስ ጫማውን ያውልቅ። የደጋው ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ነበር የሚጋልበው፤ እርካቡም የእግሩን አውራ ጣት ብቻ የምታስገባ ቀለበት ነበረች።

እሺ፣ ሁሉንም አወለቅን። ምን እንልበስ?

እስኪ ሰፈራችን ድረስ ወደመጣ አንድ ጦርነት እንሂድ። በ1762 ዓ.ም. የትግሬው ራስ ሚካኤል ስሑልና የዳሞቱ ፋሲል (ከአፄ ፋሲል ጋር እንዳይምታታባችሁ) ፋግታ ላይ ተዋጉ። ቦታው ዛሬ በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ውስጥ ነው። ወደ ምፅዋ የሚወስደውን መንገድ የያዘው ስሑል ብዙ ነፍጠኛ ነበረውና ድሉ የእርሱ ሆነ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ያየውን በ1782 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1790) ባሳተመው መጽሐፉ ጽፎታል። ብሩስ በንጉሡ ጦር ውስጥ የብረት ጥሩር የለበሱ ፈረሰኞች እንደነበሩም ይነግረናል። ጥሩር ግን የጥቂቶች ነው። ሌላው ሕዝብ በሸማው ነበር የሚዘምተው።

ለጥያቄያችን የሚጠቅመን ግን ሌላ ቦታ የጻፈው ነው። በ1763 ዓ.ም. የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ ግሽ ሲሄድ የተሸነፈውን ፋሲልን አገኘው። ፋሲል ለይለፍ አንድ ፈረስ ሰጠው። የለበሰውን ስስ አዲስ ልብስም ከላዩ አውልቆ በእንግዳው ትከሻ ላይ ጣል አደረገለት። ያ ጨርቅ በዚያች ቅጽበት ልብስ ከመሆን አልፎ ሥልጣን ሆነ። ያየ ሁሉ ይህ ሰው የማን እንግዳ እንደሆነ ያውቃል።

የአባቶቻችን የጦር ልብስ ቋንቋው ይኸው ነው። ለምድ የሚለበሰው ሲሸለሙት ነው። በብር የተለበጠ ጋሻ ሹመት ይናገራል። ግዳይ የጣለ ፀጉሩን ተሠርቶ ቅቤ ይቀባል። ሸማውን እንኳ በጌታው ፊት ወገቡ ላይ አጥብቆ አደግድጎ ይቆማል፤ ያው ሸማ አታጣጠፉ ሲለወጥ ንግግሩም ይለወጣል። አማርኛችንስ «ተሸለመ» ሲል ማጌጥንም ክብር መቀበልንም በአንድ ቃል አይደል የሚናገረው?

ምስል ለሚፈልግ ምስል አለ። እቴጌ ምንትዋብ በጣና ደቅ ደሴት ባሠሯት ናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎች ፈረሰኛ ቅዱሳንን ሥለዋል። ልብሱን፣ ኮርቻውን፣ የፈረሱን ጌጥ ተመልከቱ። ግን አንድ ነገር አትርሱ፤ ሠዓሊው የሚሥለው ቅዱስ ነው። ቅዱስ ደግሞ የሚለብሰው የመኳንንቱን ሐር እንጂ የገበሬውን ሸማ አይደለም። ከግድግዳው ላይ ቀድቶ መቶ ወጣት አንድ ዓይነት ሐር ማልበስ መቶ ሰው ባንድ ጊዜ መሾም ነው።

ሕያው ምሳሌም ሩቅ አይደለም። ፋግታ አጠገብ፣ እንጅባራ ላይ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀንን ሲያከብር፣ ውበቱ ከአንድ ዓይነትነት አይመጣም። እያንዳንዱ ፈረሰኛ የራሱን ፈረስ በራሱ ጌጥ ሸልሞ ነው ብቅ የሚለው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል? ከእጃችን እየወጣ ስለሆነ ነዋ! በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ጋሻና ካባ ጭኖ ሄደ። ከዚያ ዘረፋ ጥቂት ቅርሶች በ2014 ዓ.ም. ሲመለሱ አንድ ጋሻም ነበረባቸው። ጋሻው ተመለሰ፤ «ማን ያዘው? በምን ሥራው ተሸለመው?» የሚለው ግን በመርከብ አይመለስም። እንግሊዝ ያልደረሰበት ቤት ውስጥም ይኸው ዘረፋ በዝምታ ይካሄዳል። ለምዱ ሣጥን ውስጥ አለ፤ ታሪኩን የሚያውቁት አያት ግን ሳይጠየቁ ያልፋሉ። ልጆቹ ከዚያ ወዲያ ለቱሪስት ዕቃ ነጋዴ ቢሸጡት ምን ይገርማል? በእነሱ ዓይን አሮጌ ቆዳ ነው።

ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናትና ወዳጆቻችን ይህን ከኛ በላይ ያውቁታል። ልብሱ ሰሙ ነው፤ ወርቁ «ማን ሰጠው? ስለ ምን?» የሚለው ነው። ለበዓሉ ነጭ ሸማ፣ አጭር ሱሪ፣ ጦርና የቆዳ ጋሻ ይበቃል፤ ለአብዛኛው ዘማች ትክክለኛው እሱ ነበርና። ለምዱንና ጎፈሩን ግን ታሪኩን ቆሞ መናገር የሚችል ይልበሰው። የሚናገረው የሌለው ከበዓሉ በፊት አንድ ቅዳሜ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ወደ አያቱ ቤት ይሂድ።