«በይነገጽ»፦ ቃሉ ከፈሳሽ ወደ ኮምፒዩተር እንዴት እንደ ደረሰ

«በይነገጽ» ሲባል የዛሬው ተማሪ ወዲያው የሚያስበው የኮምፒዩተርን ስክሪን ነው። የቃሉ ታሪክ ግን ከፈሳሽ ይጀምራል። የአማርኛው ስያሜ ምንጭ የሆነውን «ኢንተርፌስ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል አስገኘ የሚባለው በቤልፋስትና በግላስጎው ያስተማረው መሐንዲስ ጄምስ ቶምሰን ነው፤ (ራዲያን የተባለው የማዕዘን መለኪያም በ1873 እ.ኤ.አ. በኅትመት የታየው እርሱ ባወጣው የፈተና ጥያቄ ነበር)። የእኅቱ ልጅ ቦተምሌይም በ1882 እ.ኤ.አ. ስለ ሃይድሮስታቲክስ ባሳተመው መጽሐፍ ቃሉን ሁለት ተጎራባች ክፍሎችን የሚለይ ገጽ ሲል ተረጐመው።

ዘይት በውሃ ላይ ሲንሳፈፍ በመካከል የሚታየው ገጽ ለአንዱ ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ የሁለቱም ወሰን ነው። ኬሚስትሪ ቃሉን የያዘው በዚሁ ፍቺ ሲሆን፣ ሳሙናም ቅባትን የሚያስለቅቀው እዚህ ወሰን ላይ ሠፍሮ በአንድ ጫፉ ውሃን፣ በሌላው ቅባትን በመያዝ ነው።

የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ቃሉን ሲወርሱት ፍቺው ተለወጠ። በ1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው አርኤስ-232 የተባለው ደረጃ፣ የመረጃ መሣሪያና ሞደም የሚለዋወጡትን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚወስን ነበር። እዚህ በዓይን የሚታይ ገጽ የለም፤ ያለው ስምምነት ነው። ሰውና ኮምፒዩተር የሚገናኙበት መንገድ በዚሁ ስም በስፋት የተጠራው ከዚያ ወዲህ ነው።

በአማርኛ «ገጽ» ፊትንም የመጽሐፍንም ቅጠል ስለሚያመለክት የተማሪው ሐሳብ ወደ ስክሪኑ ቢያዘነብል አያስገርምም። የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች ይህን የመጨረሻ ፍቺ ብቻ ካስቀደሙ፣ ያው ተማሪ ቃሉን በኬሚስትሪ ክፍል ሲያገኘው መደናገሩ አይቀርም። አንድ ብርጭቆ ውሃና ጥቂት ዘይት ለመጀመሪያው ትምህርት ይበቃሉ።