በፓራሹት ማረፍ

በፓራሹት ማረፍ ከአውሮፕላን ዘልሎ በጃንጥላ የሚወርድ ሰው ምድር የሚረግጥበት ዘዴ ነው። አሠራሩ እንደ ፓራሹቱ ዓይነት ይለያያል። ክቡ ፓራሹት ሰውን ቀስ አድርጎ ያወርዳል እንጂ አይበርም፤ ዘመናዊው አራት ማዕዘን ፓራሹት ግን ክንፍ ነው። በክቡ የሚወርድ ሰው የመሬቱን ግጭት በገላው ይቀበላል። በክንፉ የሚወርድ ሰው ግጭቱን በገዛ እጁ ሊያጠፋው ይችላል፤ ከተሳሳተ ግን ጉዳቱ ይከፋል።

ታሪክ

ፈረንሳዊው አንድሬ ዣክ ጋርነሪን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1797 ፓሪስ ውስጥ ከባሉን ላይ በሐር ጃንጥላ ወረደ። ጃንጥላው አናቱ ላይ ቀዳዳ ስላልነበረው ከሥሩ የታመቀው አየር በየጎኑ እያመለጠ ሰውየውን ክፉኛ ወዘወዘው። በኋላ አናቱን ክፍት መተው የተለመደው ለዚህ ነው። በ1919 አሜሪካዊው ሌስሊ ኢርቪን በዴይተን፣ ኦሃዮ፣ ከአውሮፕላን ዘሎ በአየር ላይ እየወደቀ ሳለ መክፈቻውን በእጁ ሳበ። ፓራሹቱ እንደታሰበው ተከፈተ፤ ኢርቪን ግን ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ክንፍ መሰሉ ፓራሹት የመጣው በ1960ዎቹ ዶሚና ጃልበርት በሠራው ንድፍ ነው። ከፊት ክፍት የሆኑ ኪሶቹ በአየር ሲነፉ ጨርቁ የክንፍ ቅርጽ ይይዛል።

በክብ ፓራሹት

የአሜሪካ ጦር ለብዙ ዓመታት የተጠቀመበት ቲ-10 በሴኮንድ 7 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ይህ 2.5 ሜትር ከፍታ ካለው ግንብ ላይ ከመዝለል ጋር ይመሳሰላል። የተካው ቲ-11 ፍጥነቱን ወደ 5.8 ሜትር ዝቅ አድርጎታል። አየሩ በሳሳ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፦ እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ባለፈ ቦታ ያው ፓራሹት ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ከ10 በመቶ በላይ ይፈጥናል።

ስለዚህ የአየር ወለድ ወታደር ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው አወዳደቅ ነው። እግሮችና ጉልበቶች ይገጥማሉ፣ ጉልበት በመጠኑ ይታጠፋል፣ አገጭ ደረት ላይ ይጣበቃል፣ ዓይን ወደ አድማስ ያያል። ወደ ታች የሚያይ ሰው መሬቱ ሲቀርብ ሳያስበው እግሩን ይሰበስባል ወይም አስቀድሞ ይዘረጋል። መሬቱን መጀመሪያ የሚነካው የእግር የፊት መርገጫ ነው፤ ከዚያ ሰውነቱ ወደ ጎን እየተንከባለለ ባት፣ ጭን፣ መቀመጫና የጀርባ ጎን በተራ ይነካሉ። ግጭቱ አንድ አጥንት ላይ ከማረፍ ይልቅ ለብዙ ጡንቻ ይከፋፈላል። ቆሞ ለመቅረት መሞከር ወይም በእጅ መመከት የተለመደ የስብራት ምክንያት ነው።

በዘመናዊ ፓራሹት

በሆዱ ተዘርግቶ የሚወድቅ ዘላይ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ብዙዎች 900 ሜትር አካባቢ ላይ ይከፍታሉ። ከ300 ሜትር በታች ልክ እንደ አውሮፕላን መጀመሪያ ከነፋሱ ጋር፣ ቀጥሎ በነፋሱ አግድም፣ በመጨረሻ ከነፋሱ ፊት ለፊት ይበረራል። አቅጣጫው ለውጥ ያመጣል፦ ክንፉ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢበርና ነፋሱ 20 ቢሆን፣ ነፋሱን የተጋፈጠ ሰው መሬቱን በ20፣ ነፋሱን ከኋላው ያደረገ ደግሞ በ60 ይነካል።

ከመሬት በላይ 3 ወይም 4 ሜትር ሲቀር ሁለቱ መሪ እጀታዎች እኩል ወደ ታች ይሳባሉ። ክንፉ የወደፊት ፍጥነቱን ወደ ማንሻ ኃይል ስለሚለውጥ ለአፍታ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ይንሳፈፋል፤ ሰውየውም ጥቂት ተራምዶ ይቆማል። አስቀድሞ የሳበ ሰው እጀታውን በድንገት መልቀቅ የለበትም፤ ከለቀቀ ክንፉ ወደ ፊት ይጠልቃል። ባለበት ይዞ ለመንከባለል መዘጋጀት ይሻላል፤ የድሮው አወዳደቅ እዚህም ያገለግላል።

ከሁሉ አደገኛው ዝቅ ብሎ መታጠፍ ነው። አንዱ እጀታ በኃይል ሲሳብ ፓራሹቱ ከፍታ እየጣለ ይወርዳል፤ ሰውየውም ከሥሩ እንደ ፔንዱለም ወደ ውጭ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ምንም ጉድለት በሌለው፣ በሚገባ በተከፈተ ፓራሹት ሥር ብዙ ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነሱም ውስጥ ልምድ ያላቸው አሉ። አሠልጣኞች ዝቅ ያለ ዘላይ የነፋሱን አቅጣጫ ትቶ ክንፉን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ እንዲያርፍ የሚያስተምሩት ለዚህ ነው። ከነፋስ ጋር ማረፍ ቢያጋጭም ከመታጠፉ ያነሰ አደጋ አለው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን በማንኛውም አቅጣጫ መሸሽ አለበት።

ክቡ ፓራሹት ከስፖርቱ ቢወጣም ብዙ ወታደሮችን በአንድ ጊዜ ከዝቅተኛ ከፍታ ለማውረድ፣ ለዕቃና እንደ ሶዩዝ ላሉ የጠፈር መንኮራኩሮች አሁንም ያገለግላል።