የተትረፈረፈ እህል ለምን ሀብት አይሆንም? የምዕራብ ጎጃም ኢኮኖሚ ከሲራራ እስከ ፋብሪካ

ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር ስትጓዙ ደንበጫን አልፋችሁ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያ ማንኩሳ፣ ከዚያ ደግሞ ቡሬ ትደርሳላችሁ። ጉዞው በኅዳር ከሆነ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የደረሰ በቆሎ ቆሞ፣ ቀይ በርበሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ታያላችሁ። ጤፉ፣ ዳጉሳው፣ ድንቹ፣ ማሩ፣ ቅቤው ሌላ ነው። ባጭሩ ምዕራብ ጎጃም ራሱን መግቦ ለሌላ የሚተርፍ አገር ነው።

አንድ ነገር ግን ግራ ያጋባል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የምዕራብ ጎጃም ዞን ሕዝብ ከ2.1 ሚሊዮን ይበልጥ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ከተማ ውስጥ የሚኖረው ከ100 ሰው 9 እንኳን አይሞላም። የዞኑ ዋና ከተማ ፍኖተ ሰላም ያኔ 26,000 ያህል ሰው ብቻ ነበራት። እህል እንዲህ የሚትረፈረፍበት አገር ለምን ትልልቅ ከተሞችና ፋብሪካዎች ሳያበቅል ቆየ?

ብዙ ሰው መልሱን ማሳው ላይ ይፈልጋል፤ አፈሩን፣ ዝናቡን፣ የገበሬውን ትጋት ያያል። ታሪኩን ስንከታተል ግን ዋናው ቁም ነገር ከማሳው ወጥቶ ገዢው እጅ እስኪገባ ድረስ ባለው ርቀት ላይ ነው። እስቲ ያንን ርቀት በየዘመኑ እንለካው።

በአህያ የተጫነ እህል

መኪና ባልነበረበት ዘመን እህልን ሩቅ መውሰድ ምን ያህል ያስከፍል ነበር? አብረን እናስላ። አንድ አህያ 60 ኪሎ ያህል ትሸከማለች እንበል። አንድ ሰው ሁለት አህያ ቢነዳ ጭነቱ 120 ኪሎ ነው። በቀን 20 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ከቡሬ አዲስ አበባ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ20 ቀን ይጨርሰዋል፤ ደርሶ መልስ 40 ቀን። በቀን አንድ ኪሎ እህል ቢበላ 40 ኪሎ አለቀ። ከጭነቱ አንድ ሦስተኛው መንገድ ላይ ተበላ ማለት ነው! ያውም አህዮቹ ሣር ብቻ ግጠው፣ የዓባይ በረሃን በሰላም ተሻግረው፣ በየኬላው ምንም ሳይከፍሉ ነው። ኬላ ደግሞ ያለ ቀረጥ አያሳልፍም ነበር።

ስለዚህ የድሮው ሲራራ ነጋዴ ሩቅ የሚወስደው ቀላልና ውድ የሆነውን ነገር ነበር። ከዓባይ ማዶ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ዝባድ ይመጣል፤ ከሰሜን ደግሞ እንደ ገንዘብ የሚያገለግለው አሞሌ ጨው ይወርዳል። በባርነት የተያዙ ሰዎችም በዚሁ መስመር እንደ ዕቃ ይነዱ ነበር፤ ይህ መረሳት የሌለበት የንግዱ ገጽታ ነው። በጎጃም በኩል ያለፈው የዚህ ንግድ ትልቁ ገበያ ባሶ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1842 በአካባቢው ተቀምጦ ስለ ገበያው ጽፏል። ቡሬም ወደ ወለጋ በሚያሻግረው አቅጣጫ ላይ ስላለች ከዓባይ ማዶ ለሚመጣው ንግድ በር ነበረች።

እህሉስ? እህሉ እዚያው ይበላል፣ ጎተራ ይገባል፣ ወይም ለባለጉልት ይገበራል። ገበሬው ከሚበላው በላይ ቢያመርት የሚሸጥለት ሩቅ ገዢ የለም። ትርፍ ማምረት ዋጋ የሚኖረው መንገድ ሲኖር ነው።

መንገዱ መጣ፣ ፋብሪካው ግን ሌላ ቦታ ቀረ

ፍኖተ ሰላም የድሮ ስሟ ወጀት ነው። «ፍኖት» በግዕዝ መንገድ ማለት ስለሆነ አዲሱ ስሟ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። ስሙን ያወጡላት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በዚህ በኩል በማለፋቸው እንደሆነ ይነገራል። በእርግጥም ንጉሡ በጥር 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ኦሜድላ ላይ ገብተው፣ በበላያ ተራራ አድርገው፣ በጎጃም በኩል ወደ አዲስ አበባ ተጉዘዋል። ጣሊያኖች ቡሬን ለቅቀው የወጡት በዚያው ዓመት በየካቲት መጨረሻ ነበር። ከንጉሡና ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊንጌት ጦር ጋር ስንቅና ጥይት ተሸክመው ከሱዳን የተነሱ በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች ደጋውንና ዳገቱን ሳይችሉት ቀርተው አብዛኞቹ መንገድ ላይ አልቀዋል። የጎጃም መንገድ ለጫኝ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

ከጦርነቱ በኋላ መኪና መጣ። ይሁን እንጂ የዘመኑ ፋብሪካዎች የተከተሉት ሌላ መስመር ነው። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሶ ስለነበር ኢንዱስትሪው አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋና በመካከላቸው ባለው አካባቢ ሰፈረ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ1954 በዚያው አቅጣጫ ሥራ ጀመረ። በጎጃም በኩል የተሠራው ትልቁ ፋብሪካ ከጣሊያን በተገኘ የጦርነት ካሣ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ነው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ መኪና የሚያልፍባቸው፣ ሻይና ዳቦ የሚሸጥባቸው የመንገድ ዳር ከተሞች ሆነው ቀሩ።

መሬቱን ማን ይለካል?

መንገድ ብቻውን በቂ አይደለም፤ መተማመንም ያስፈልጋል። በጎጃም የገበሬው መሬት ርስት ነበር። ርስት ማለት ከአቅኚ አባት በዘር ሐረግ የሚወረስ መብት ነው፤ ርስተኛው መሬቱን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሊያስከፍል ገማቾችን ሲልክ ገበሬው «ዛሬ ምርቱን፣ ነገ መሬቱን» ብሎ ጠረጠረ። ሞጣንና ዳሞትን ጨምሮ በብዙ ቦታ ዐመፅ ተነሳ፤ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ጭምር ላከ። መጨረሻው ግን ያልተጠበቀ ነበር፤ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሱ፣ የተጠራቀመውም የግብር ዕዳ ተሰረዘ።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ የገጠር መሬትን የመንግሥት አደረገ። ርስት በአንድ አዋጅ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ገበሬው የሚጠቀምበት እንጂ የሚሸጠው መሬት የለውም። «መንግሥት ለመሬቱ ምን አስቧል?» የሚለው ጥያቄ ግን አልሞተም፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ጠግቦ መክሰር

በቆሎ በጎጃምና በአካባቢው «የባሕር ማሽላ» ይባላል። ስሙ ራሱ ታሪክ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽላ እንደ ማለት። እውነትም በቆሎ የአሜሪካ አህጉር ተክል ሲሆን ወደ አፍሪካ የመጣው ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ነው።

የባሕር ማሽላ የምዕራብ ጎጃም ዋና ሰብል የሆነው ግን በቅርብ ጊዜ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ፕሮግራም ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በገበሬው ማሳ ላይ እያሳየ ማስፋፋት ጀመረ። በዚያው ጊዜ ከባኮ ምርምር ማዕከል ቢኤች-660 የተባለ ድቅል ዝርያ ወጣ። ለመድረስ አምስት ወር ያህል ይፈጃል፤ ከ1,600 እስከ 2,200 ሜትር ከፍታና ጥሩ ዝናብ ይወዳል። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ዙሪያ ልክ ለእሱ የተሠራ ይመስላል። ድቅል ዘር ግን አንድ ባሕርይ አለው፤ ጉልበቱ የሚታየው በመጀመሪያው ትውልድ ነው። ከምርቱ አስቀርታችሁ ብትዘሩት ይዳከማል። ስለዚህ ገበሬው በየዓመቱ ዘር ይገዛል፤ ለዘርና ለማዳበሪያ ደግሞ ይበደራል።

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. አገሪቱ ጥሩ የበቆሎ ምርት አገኘች። ገበሬው ደስ ሊለው ሲገባ ዋጋው ወደቀ። በአንዳንድ ቦታ የተሸጠው እህል የማዳበሪያውን ዕዳ እንኳን አልሸፈነም። ለምን መሰላችሁ? የሰው ሆድ አይለጠጥም። በቆሎ በግማሽ ዋጋ ቢሸጥ ሰው እጥፍ አይበላም። ትርፉን የሚገዛው የዱቄት፣ የስታርች ወይም የመኖ ፋብሪካ ካልሆነ ወይም መጋዘን ገብቶ ካልቆየ፣ ጥቂት ትርፍ እንኳን ዋጋውን ቁልቁል ይዞት ይወርዳል። በቀጣዩ ዓመት ድርቅ መጣ፤ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን የምግብ እርዳታ ፈለጉ። ትናንት ገዢ ያጣ እህል ዛሬ ጠፋ።

ገበሬው ራሱ ለምን አያስቀምጠውም? ነቀዝ አለ። በተራ ጆንያ የተቀመጠ በቆሎ በጥቂት ወራት ይበሳሳል። ቅርብ ጊዜ የመጣው አየር የማያስገባ ጆንያ ዘዴው ቀላል ነው፤ ውስጥ የቀረው ነቀዝ ኦክስጅኑን ተንፍሶ ይጨርስና መብላትም መራባትም ያቆማል። ስለዚህ መድኃኒት ሳይረጭ እህሉ ይቆያል። ማቆየት የቻለ ገበሬ ደግሞ ለመኸር ጊዜ ርካሽ ዋጋ እጁን አይሰጥም።

ከቡሬ በርበሬ እስከ ጉንቱር

በርበሬም እንደ በቆሎ ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። ይኸው እንግዳ ደቡብ ሕንድም ገብቷል። በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት የምትገኘው ጉንቱር ዛሬ ከዓለም ትልልቅ የበርበሬ ገበያዎች አንዷ ናት። ጉንቱርም እንደ ምዕራብ ጎጃም የገበሬ አገር ናት፤ ልዩነቱ ከማሳው በኋላ ባለው ነገር ላይ ነው። በክሪሽና ወንዝ ላይ መስኖ የሚያጠጣው ግድብ እ.ኤ.አ. በ1855 ተጠናቀቀ፤ ከዚያ ባቡር፣ ከዚያ የተደራጀ የገበያ ግቢ፣ ከዚያም በርካታ ቀዝቃዛ መጋዘኖች መጡ። ደረቅ በርበሬ በሙቀትና በእርጥበት ቀለሙን ያጣል፣ ሻጋታም ይይዘዋል። ቀዝቃዛ መጋዘን ቀለሙን ይጠብቅለታል፤ ገበሬውና ነጋዴው ዋጋ እስኪሻል መጠበቅ ይችላሉ። መሬት ላይ ተሰጥቶ፣ በጆንያ ተጭኖ፣ በዚያው ሳምንት የሚሸጥ በርበሬ ግን ዋጋ የመጠበቅ ዕድል የለውም።

ፋብሪካው ሲመጣ

በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ሁለት ትልልቅ ነገሮች አየች። አንደኛው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሆን፣ ከቡልቡላ፣ ከይርጋለምና ከባዕከር ጋር ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ አራት የዚህ ዓይነት ፓርኮች አንዱ ነው። ሐሳቡ እስከ 100 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች ምርቱን በገጠር ሽግግር ማዕከላት ሰብስቦ፣ አበጥሮና ደረጃ አውጥቶ ለፋብሪካ ማቅረብ ነው። ሁለተኛው በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም ይዞ የተመረቀው የፌቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ነው።

ታዲያ ጥያቄው ተመለሰ ማለት ነው? እንደገና እናስላ። 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት 1.38 ሚሊዮን ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሁሉም ከአኩሪ አተር ይጨመቅ ቢባልና ከ100 ኪሎ አኩሪ አተር 18 ኪሎ ዘይት ቢወጣ፣ በቀን 77,000 ኩንታል ያህል አኩሪ አተር ያስፈልጋል። በሄክታር 20 ኩንታል ቢገኝ የአንድ ቀን ሥራ 3,800 ሄክታር ገደማ ይውጣል። መራዊ አካባቢ ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ሙሉ በሙሉ አኩሪ አተር ቢዘራበት፣ የአንድ መኸር ምርቱ ፋብሪካውን ሁለት ቀን አያሠራውም! የኢትዮጵያ የዘይት ገበያ ለረጅም ጊዜ ከውጭ በሚመጣ ፓልም ላይ የተንጠለጠለውም ከዚህ ጋር ስለሚያያዝ ነው። ድሮ እህሉ ፋብሪካ አጥቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ፋብሪካው እህል ሊያጣ ይችላል።

ለጥያቄው ሌላም ገጽ አለው። ፓርኩ ያረፈበት መሬት የገበሬ ማሳ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የተነሳው የመተማመን ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። መሬቱን ለፋብሪካ የለቀቀ ገበሬ ልጁ እዚያው ሥራ ካላገኘ፣ ጎረቤቱም አኩሪ አተር ዘርቶ በወጉ የሚከፍለው ገዢ ካላየ፣ በቆሎውንና ጤፉን ትቶ ለፋብሪካ ለምን ያምርት?

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ገብቷል፤ ፍኖተ ሰላምና ቡሬም መሐሉ ላይ ናቸው። መንገድ ሲዘጋ ማዳበሪያው ወደ ማሳ፣ ምርቱ ወደ ገበያ መሄድ ያቅተዋል። ያኔ ኩንታሉ ወደ አህያ ዘመን ይመለሳል፤ ሩቅ መሄድ የሚችለው ቀላልና ውድ የሆነው ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ በኅዳር በዚያ መንገድ ስታልፉና የተከመረ በቆሎ ስታዩ «ስንት ኩንታል ይሆን?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «እስከ ሰኔ የት ይቀመጣል? ማን ይገዛዋል? መንገዱስ ክፍት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የፍኖተ ሰላም ገበሬ እነዚህን ጥያቄዎች ከጥንት ጀምሮ በየዓመቱ ይጠይቃቸዋል።