ፌራሪ ኤንዞ

ፌራሪ ኤንዞ፥ እ.ኤ.አ. በ1988 ያረፉትን የፋብሪካውን መሥራች የኤንዞ ፌራሪን ስም መታሰቢያ አድርጎ፥ በኢጣሊያ አገር በማራኔሎ ከተማ ከ2002 እስከ 2004 የተሠራ የስፖርት አውቶሞቢል ነው። አካሉ ከካርቦን ፋይበር የተበጀ፥ ሞተሩ ባለ 12 ሲሊንደርና 660 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን፥ በሮቹ የጣሪያውን ክፋይ ይዘው እንደ ኪሩቤል ክንፍ ወደ ላይ ይዘረጋሉ።

ፋብሪካው አስቀድሞ 349 ብቻ ሊሠራ አስቦ፥ ኋላ 50 ጨምሮ ቁጥሩን 399 አደረሰው፤ እነዚህም በአደባባይ ለገበያ የቀረቡ ሳይሆኑ፥ በተለይ ኤፍ 40ንና ኤፍ 50ን ለገዙ የቀድሞ ደንበኞች በጥሪ የታደሉ ነበሩ። ስለዚህ ገንዘቡን ቆጥሮ የያዘ እንኳ፥ ስሙ ከመዝገቡ ካልገባ ደጅ ጠንቶ ይመለስ ነበር፤ ሞተሩን አስነሥቶ ድምፁን ሊሰማ የሚናፍቀው አፍቃሪ ባዶ እጁን ሲቀር፥ ከታደሉት አንዳንዶቹ መኪናውን በጨርቅ ሸፍነው ዋጋው እስኪንር ማቆየታቸው ቅሬታውን እጅግ መራራ አድርጎታል፤ ቅሬታውም በእውነት ተገቢ ነው፥ ይህን የመሰለ ጥበብ የተፈጠረው ለጎዳና እንጂ ለግምጃ ቤት አይደለምና። 400ኛው ግን ለሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ ተበርክቶ፥ በ2005 በጨረታ ተሸጦ፥ ዋጋው በሕንድ ውቅያኖስ ማዕበል ለተጎዱ ሰዎች ምጽዋት ሆኗል።